ዩ ሳንግ-ቾል

ዩ ሳንግ-ቾል (ጥቅምት 7 ቀን 1964 ዓ.ም. – ግንቦት 30 ቀን 2013 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 18 ቀን 1971 – ጁን 7 ቀን 2021) የደቡብ ኮሪያ እግር ኳስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። ዋና ቦታው የመሀል ሜዳ ቢሆንም በተከላካይነትና በአጥቂነትም ተጫውቷል። በኮሪያ እግር ኳስ ማኅበር ቆጠራ መሠረት ለብሔራዊ ቡድኑ 124 ጊዜ ተሰልፎ 18 ግቦችን አስቆጥሯል። በ1998 እና በ2002 የዓለም ዋንጫዎች ግብ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ደቡብ ኮሪያ በ2002 ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከዋና ተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር። በአሠልጣኝነት ዘመኑ በይበልጥ የሚታወሰው በ2019 ኢንቾን ዩናይትድን ወደ ታችኛው ሊግ ከመውረድ በማትረፉ ነው። የዚያን ዓመት የመጨረሻ ጨዋታዎች የመራው የቆሽት ካንሰር እንዳለበት ካወቀ በኋላ ነበር።

በኮሪያ ልማድ የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም «ዩ» የቤተሰቡ፣ «ሳንግ-ቾል» ደግሞ የራሱ ስም ነው። ደጋፊዎች «ዩቢ» የሚል ቅጽል ስም ሰጥተውት ነበር፤ ይህም በጥንቱ የቻይና የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ የሚታወቀው የሊዩ ቤይ ስም በኮሪያኛ ሲነበብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ዩ የተወለደው በሴኡል ነው። በዚያው ከተማ በሚገኘው ኮንኩክ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ተጫውቷል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የኮሪያ ተጫዋቾች ከትምህርት ቤት ቡድን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናል ክለብ ይሻገሩ ነበር። ኋላ በብሔራዊ ቡድን አብሮት የተጫወተው አጥቂው ህዋንግ ሱን-ሆንግም የወጣው ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የክለብ ሕይወት

ኡልሳን (1994–1998)

በ1994 በደቡብ ምሥራቅ ኮሪያ ወደሚገኘው የኡልሳን ሂዩንዳይ ክለብ ገባ። ኡልሳን የመርከብና የመኪና ፋብሪካዎች የሚበዙባት የኢንዱስትሪ ከተማ ስትሆን ክለቡም የሂዩንዳይ ኩባንያ ንብረት ነው። ዩ በመጀመሪያው ዓመቱ በተከላካይነት ተሰልፎ በኮሪያ ሊግ የዓመቱ ምርጥ 11 ውስጥ ተመረጠ። በ1996 ክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ አባል ነበር።

በ1998 ወደ ፊት ተጠግቶ መጫወት ጀመረ። በዚያ ዓመት በ14 ግቦች የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በምርጥ 11 ውስጥም በአማካይነት ተመረጠ። ከአራት ዓመት በፊት በተከላካይነት የተሸለመ ሰው በግብ ብዛት የሀገሩን አጥቂዎች ሁሉ መብለጡ ስሙን በሰፊው አስጠራው።

ጃፓን (1999–2002)

በ1999 ወደ ጃፓኑ ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ ተዛወረ። የጃፓን ሊግ በ1993 የተጀመረ ወጣት ሊግ ቢሆንም የተሻለ ክፍያና ዘመናዊ ስታዲየሞች ስለነበሩት በርካታ ታዋቂ ኮሪያውያንን ይስብ ነበር። ዩ በ2000 የውድድር ዘመን 17 የሊግ ግቦችን አስቆጥሮ ከሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢዎች ተርታ ተሰለፈ። በ2001 ወደ ካሺዋ ሬይሶል ሄደ። በዚያ ክለብ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆንግ ምዮንግ-ቦ እና ህዋንግ ሱን-ሆንግ ይጫወቱ ስለነበር ሦስቱ ኮሪያውያን በአንድ ማሊያ ተገናኙ።

ወደ ኡልሳን መመለስና ሁለተኛው የዮኮሃማ ጊዜ (2002–2006)

ከ2002 የዓለም ዋንጫ በኋላ ወደ አውሮፓ ለመሄድ ሞክሮ ስላልተሳካለት በዓመቱ መጨረሻ ወደ ኡልሳን ተመለሰ። የቀሩት ጨዋታዎች ጥቂት ነበሩ፤ ሆኖም በአጥቂነት ተሰልፎ በ8 ጨዋታዎች 9 ግቦችን አስቆጠረ። በዚህም በምርጥ 11 ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በአጥቂነት ተመረጠ።

በ2003 እንደገና ወደ ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ ሄዶ በአሠልጣኝ ታኬሺ ኦካዳ ሥር በ2003 እና በ2004 በተከታታይ የጃፓን ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በ2005 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኡልሳን ተመልሶ ክለቡ በዚያው ዓመት የኮሪያን ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ አካል ነበር። የጉልበት ሕመም ስለጸናበት በ2006 ጫማውን ሰቀለ። በኮሪያ የተጫወተው ለአንድ ክለብ ብቻ፣ ለኡልሳን ነው።

በብሔራዊ ቡድን

የመጀመሪያ ጨዋታዎችና የ1998 የዓለም ዋንጫ

ዩ ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወት የጀመረው በ1994 ነው። በዚያው ዓመት በጃፓን ሂሮሺማ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ሩብ ፍጻሜ ኮሪያ አዘጋጇን ጃፓንን 3 ለ 2 ስታሸንፍ አንዱን ግብ አስቆጠረ። በኮሪያና በጃፓን መካከል ካለው ታሪካዊ ፉክክር የተነሳ ይህ ግብ ወጣቱን ተጫዋች በአንድ ቀን አሳወቀው።

በ1998 በፈረንሳይ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ለኮሪያ መራራ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ በሜክሲኮ 3 ለ 1፣ በሁለተኛው በኔዘርላንድስ 5 ለ 0 ተሸነፈች። አሠልጣኙ ቻ ቡም-ኩን ውድድሩ ሳያልቅ ተሰናበተ። የኔዘርላንድስ አሠልጣኝ የነበረው ጉስ ሂዲንክ ሲሆን፣ እሱ ከሦስት ዓመት በኋላ የኮሪያ አሠልጣኝ ይሆናል።

ከምድቡ የማለፍ ተስፋዋ ያከተመው ኮሪያ ጁን 25 ቀን በፓሪስ ከቤልጂየም ጋር የመጨረሻ ጨዋታዋን አደረገች። ቤልጂየም ገና በ7ኛው ደቂቃ መራች። በሁለተኛው አጋማሽ ሃ ሶክ-ጁ የመታውን የቅጣት ምት ዩ ተንሸራቶ ደርሶበት ወደ ግብ ለወጠው፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ግቡ ኮሪያን ከመሰናበት ባያድናትም ያለ አንዲት ነጥብ ከመመለስ አዳናት።

በተሰበረ አፍንጫ የተቆጠረ ግብ

ሂዲንክ ሥራውን በ2001 መጀመሪያ ላይ ሲረከብ ግቡ በቀጣዩ ዓመት ኮሪያና ጃፓን በጋራ ለሚያዘጋጁት የዓለም ዋንጫ ቡድን መገንባት ነበር። በሜይ መጨረሻ በተጀመረው የኮንፌደሬሽን ዋንጫ ኮሪያ በፈረንሳይ 5 ለ 0 ተረታች፤ የሕዝቡም ትችት በረታ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁን 1 ቀን፣ ቡድኑ በኡልሳን ከሜክሲኮ ጋር ገጠመ። ዩ በዚህ ጨዋታ በግጭት አፍንጫው ቢሰበርም ከሜዳ አልወጣም። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሲል በ89ኛው ደቂቃ ኳሷን በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ፤ ኮሪያም 2 ለ 1 አሸነፈች። አፍንጫው ተሰብሮ ሳለ በጭንቅላት ያስቆጠረው ይህ ግብ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እሱ ሲነገር ቀድሞ ይነሳል።

የ2002 የዓለም ዋንጫ

እስከ 2002 ድረስ ደቡብ ኮሪያ በአምስት የዓለም ዋንጫዎች ተሳትፋ 14 ጨዋታዎችን አድርጋለች። ከእነዚህ ውስጥ አራቱን አቻ ስትለያይ አሥሩን ተሸንፋለች፤ አንድም አላሸነፈችም። ስለዚህ ጁን 4 ቀን በቡሳን ከፖላንድ ጋር የተደረገው የመክፈቻ ጨዋታዋ ከሦስት ነጥብ የበለጠ ትርጉም ነበረው። አዘጋጅ ሀገር ሆና ያለ ድል ብትቀር ኀፍረቱ ከባድ ይሆን ነበር።

ህዋንግ ሱን-ሆንግ በ26ኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረ። በ53ኛው ደቂቃ ዩ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ አጥብቆ መታ፤ ግብ ጠባቂው የርዚ ዱዴክ በእጁ ቢነካትም ኳሷ መረብ ላይ አረፈች። ጨዋታው 2 ለ 0 ተጠናቀቀ። ኮሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈች በ48ኛው ዓመት የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድል አገኘች፤ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠሩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያለፉ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ኮሪያ ከአሜሪካ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 በማሸነፍ ምድቧን በአንደኝነት ጨረሰች። በጥሎ ማለፉ የገጠመቻት ጣሊያን ነበረች። ኮሪያ ከ18ኛው ደቂቃ ጀምሮ 1 ለ 0 እየተመራች ስለነበር ሂዲንክ በሁለተኛው አጋማሽ ተከላካዮቹን ኪም ቴ-ዮንግንና ሆንግ ምዮንግ-ቦን፣ እንዲሁም ተከላካይ አማካዩን ኪም ናም-ኢልን አስወጥቶ በምትካቸው ሦስት የማጥቃት ተጫዋቾችን አስገባ። እንዲህ ዓይነቱ ቅያሬ ኋላውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ባዶውን ቦታ የሸፈነው ዩ ነበር፤ ጨዋታውን በመሀል ሜዳ ጀምሮ በመሀል ተከላካይነት ጨረሰ። ሶል ኪ-ህዮን በ88ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ፣ አን ጁንግ-ህዋን ደግሞ በጭማሪው ሰዓት በ117ኛው ደቂቃ ወርቃማዋን ግብ አስቆጠረ።

ኮሪያ በሩብ ፍጻሜው ስፔንን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 3 አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በዚያም በጀርመን 1 ለ 0፣ ለደረጃ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ በቱርክ 3 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ሆነች። ይህ እስያዊ ሀገር በወንዶች የዓለም ዋንጫ ያገኘው ከፍተኛ ውጤት ነው። ፊፋ በውድድሩ መጨረሻ 16 ተጫዋቾችን የያዘ የኮከቦች ስብስብ ሲያሳውቅ ሁለት ኮሪያውያን ተካተቱ፤ ሆንግ ምዮንግ-ቦ በተከላካዮች፣ ዩ ደግሞ በአማካዮች ዝርዝር ውስጥ ከሪቫልዶ፣ ከሮናልዲንሆና ከሚካኤል ባላክ ጋር።

የአቴንስ ኦሊምፒክ

በኦሊምፒክ የወንዶች እግር ኳስ ከ23 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች ይሳተፋሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ግን ከዕድሜው በላይ የሆኑ ሦስት ተጫዋቾችን መያዝ ይችላል። ዩ በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ በዚህ መንገድ ተመርጦ ወጣቶቹን መራ። ኮሪያ ከምድቧ አልፋ በሩብ ፍጻሜው በፓራጓይ 3 ለ 2 ተሸነፈች።

የአጨዋወት ስልቱ

ዩ 1 ሜትር ከ84 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነበረው። በአየር ኳስ ጠንካራ፣ ብዙ የሚሮጥ፣ ከሩቅም አክርሮ የሚመታ ተጫዋች ነበር። ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ግን በየትኛውም ቦታ መጫወት በመቻሉ ነው። በኮሪያ ሊግ ታሪክ በተከላካይነት፣ በአማካይነትና በአጥቂነት በሦስቱም የዓመቱ ምርጥ 11 ውስጥ የተመረጡት እሱና ኪም ጁ-ሱንግ ብቻ ናቸው።

በእግር ኳስ ብዙ ቦታ የሚጫወት ሰው አንዳንድ ጊዜ ይጎዳል። አሠልጣኙ በጎደለው ቦታ ሁሉ ስለሚያስገባው በአንዱ ቦታ ስሙን ሳይተክል ሊቀር ይችላል። ለቡድኑ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሠልጣኙ ተቀያሪ ሳያባክን የቡድኑን አሰላለፍ በጨዋታ መሀል መለወጥ ይችላል። የጣሊያኑ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ዩ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የግራ ዓይኑ ማየት አይችልም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ደካማ እንደነበረና በተጫዋችነት ዘመኑ ይህን ደብቆ እንደኖረ ገለጸ። በአንድ ዓይን ብቻ ማየት ርቀትን ለመገመት ያስቸግራል። በአየር የምትመጣን ኳስ በጭንቅላት የመግጨት ሥራ ደግሞ በዚህ ግምት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ይህ ዜና ሲሰማ ብዙዎች የቀድሞ ግቦቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ።

የአሠልጣኝነት ሕይወት

ከሕፃናት እስከ ፕሮፌሽናል ክለብ

የዩ የማሠልጠን ሥራ በሕዝብ ዘንድ መጀመሪያ የታየው በቴሌቪዥን ነው። በ2007 የኮሪያ ብሔራዊ ማሠራጫ ያቀርበው በነበረ የሕፃናት እግር ኳስ ፕሮግራም ላይ ትንንሽ ልጆችን አሠልጥኗል። ከልጆቹ መካከል የስድስት ዓመቱ ሊ ካንግ-ኢን ይገኝበት ነበር። ሊ በኋላ ወደ ስፔኑ ቫሌንሺያ አካዳሚ ሄዶ በ2019 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ለፓሪስ ሴንት ዠርሜን ፈረመ።

በ2009 ዩ በቹንቾን ከተማ የሚገኝ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። ቹንቾን በኮሪያ ጦርነት ለተሰለፉት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ የቆመባት ከተማ በመሆኗ በኢትዮጵያውያን ዘንድም ትታወቃለች።

በጁላይ 2011 የዴጆን ሲቲዝን አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ፕሮፌሽናል ሊጉ ገባ። ጊዜው ለክለቡ የጨለመ ነበር። በዚያ ዓመት በኮሪያ ሊግ የተጋለጠው የጨዋታ ማጭበርበር ቅሌት በርካታ የዴጆን ተጫዋቾችን አካትቶ ስለነበር ቡድኑ ተዳክሟል። ቀጣዩ 2012 ደግሞ በኮሪያ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኖች ወደ ታች የሚወርዱበት ዓመት ሆነ። ዴጆን ከመውረድ ተረፈ፤ ዩም በዓመቱ መጨረሻ ክለቡን ለቀቀ።

ከ2014 እስከ 2017 የኡልሳን ዩኒቨርሲቲን ቡድን አሠለጠነ። በ2018 የቾናም ድራጎንስ አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ከፍተኛው ሊግ ቢመለስም ውጤት አልቀናውም። ቡድኑ በሰንጠረዡ ግርጌ ሳለ በኦገስት ሥራውን ለቀቀ፤ ቾናምም በዓመቱ መጨረሻ ወረደ።

ኢንቾን ዩናይትድ (2019)

በ2019 የኮሪያ አንደኛ ሊግ 12 ቡድኖች ነበሩት። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ 12ኛ የሆነው በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሊግ ይወርድ ነበር። 11ኛው ከሁለተኛው ሊግ ከሚመጣ ቡድን ጋር ተጨማሪ ጨዋታዎችን አድርጎ ዕጣው ይወሰን ነበር። 10ኛ የሆነ ቡድን ይተርፍ ነበር። ስለዚህ በ10ኛና በ11ኛ ደረጃ መካከል ያለው አንድ ነጥብ የክለቡን የቀጣይ ዓመት ገቢ፣ የተጫዋቾቹን ቆይታና የሠራተኞቹን ሥራ ሊወስን ይችል ነበር።

ኢንቾን ዩናይትድ በ2003 የተመሠረተ፣ በከተማው አስተዳደርና ድርሻ በገዙ ነዋሪዎች ላይ የቆመ «የዜጎች ክለብ» ነው። እንደ ኡልሳን ሀብታም ኩባንያ ከኋላው የለውም። በዚያ ዘመን በየዓመቱ ማለት ይቻላል ከሰንጠረዡ ግርጌ እየታገለ በመጨረሻው ሰዓት ይተርፍ ስለነበር ደጋፊዎች «የመትረፍ ንጉሥ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር።

ዩ ክለቡን በሜይ 2019 ሲረከብ ኢንቾን አሠልጣኙን አሰናብቶ ከሰንጠረዡ ሥር ወድቆ ነበር። በበጋው ወራትም ከአደጋው ቀጠና አልወጣም። ኦክቶበር 19 ቀን ኢንቾን ከሜዳው ውጭ ሶንግናምን 1 ለ 0 አሸነፈ። ሆኖም ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹና የአሠልጣኝ ቡድኑ አባላት በደስታ ፈንታ ሲያለቅሱ በካሜራ ታዩ። ምክንያቱ ወዲያው አልተነገረም። ዩ የወፍ በሽታ የሚባለው የዓይንና የቆዳ ቢጫነት ታይቶበት ሆስፒታል ሊገባ ነበር።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የሚገኝ፣ ምግብ ለመፍጨት የሚረዳ ፈሳሽና ኢንሱሊን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። በውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ካንሰር ሲይዘው ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ዕጢው የሐሞት ቱቦን ሲዘጋ ቢጫነት ይከሰታል። ዩ ከምርመራው በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኖቬምበር 19 ቀን ክለቡ በድረ ገጹ ባወጣው ደብዳቤ አማካይነት አራተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ የቆሽት ካንሰር እንዳለበት ለደጋፊዎች አሳወቀ። አራተኛ ደረጃ ማለት በሽታው ከተነሳበት ቦታ አልፎ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ተሠራጭቷል ማለት ነው። በደብዳቤው ሕክምናውን እየተከታተለ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ከቡድኑ ጋር እንደሚቆይ ቃል ገባ።

የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ነበሩ። ኖቬምበር 24 ቀን ኢንቾን በሜዳው የወታደሮች ቡድን የሆነውን ሳንግጁ ሳንግሙን 2 ለ 0 አሸነፈ። ይህ ዩ ኢንቾንን ከያዘ ወዲህ በሜዳው ያገኘው የመጀመሪያ ድል ነበር። ከዚህ በኋላ ኢንቾን 33፣ ተከታዩ ግዮንግናም 32 ነጥብ ያዙ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ በእነዚሁ በሁለቱ መካከል ሆነ። ለግዮንግናም ማሸነፍ ግዴታ ሲሆን ለኢንቾን አቻ በቂ ነበር።

ኖቬምበር 30 ቀን ከኢንቾን የተነሱ ደጋፊዎች ሀገሪቱን አቋርጠው በደቡብ ወደምትገኘው ቻንግዎን ተጓዙ። ጨዋታው 0 ለ 0 ተጠናቀቀ። ኢንቾን በ34 ነጥብ 10ኛ ሆኖ ተረፈ፤ ግዮንግናም በ33 ነጥብ 11ኛ ሆኖ በተጨማሪው ጨዋታ በቡሳን ተሸንፎ ወረደ። ከፊሽካው በኋላ የኢንቾን ደጋፊዎች ዩ የቀረውን አንድ ቃል ደግሞ እንዲጠብቅ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከፍ አድርገው ያዙ። የመጀመሪያው ቃል ቡድኑን ማትረፍ ነበር፤ የቀረው መዳን ነበር።

ሕመምና ሕልፈት

ዩ በ2020 መጀመሪያ ላይ ለሕክምናው ሙሉ ጊዜ ለመስጠት ሥራውን ለቀቀ፤ ክለቡም የክብር አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው። የቀድሞ ክለቡ የዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ ደጋፊዎች በኮሪያኛ በተጻፈ ጨርቅ አይዞህ አሉት። በዚያው ዓመት አጋማሽ ኢንቾን በድጋሚ ተንገዳግዶ አሠልጣኙ ሲለቅ ዩ ለመመለስ ፈለገ። ክለቡ ግን ሐኪሙን ካማከረ በኋላ ለጤናው በማሰብ አልተቀበለውም።

በሽታው ተመልሶ በርትቶበት ጁን 7 ቀን 2021 በሴኡል አሳን ሆስፒታል በ49 ዓመቱ ዐረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ደቡብ ኮሪያ በጎያንግ ከሲሪላንካ ጋር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ነበራት። ተጫዋቾቹ ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው አስረው ገቡ፤ የኅሊና ጸሎትም ተደረገ። አጥቂው ኪም ሺን-ውክ ግብ ካስቆጠረ በኋላ የዩ ስም ያለበትን 6 ቁጥር ማሊያ ከፍ አድርጎ ያዘ። ኮሪያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ያኔ በቫሌንሺያ ይጫወት የነበረው ሊ ካንግ-ኢንም የመጀመሪያ አሠልጣኙን በማኅበራዊ ገጹ አሰበ።

ትውስታ

በ2025 ዩ በኮሪያ ሊግ የክብር መዝገብ ውስጥ ተካተተ። በአሠልጣኝነት ዋንጫ አላነሳም። ከያዛቸው ክለቦች ሁለቱ፣ ዴጆንና ኢንቾን፣ ሊወርዱ ጫፍ ላይ ደርሰው ከእሱ ጋር የተረፉ ናቸው። በተጫዋችነቱም ሆነ በአሠልጣኝነቱ ብዙውን ጊዜ የተጠራው ሌላ ሰው በለቀቀው ቦታ እንዲቆም ነበር፤ በኮሪያ የሚታወሰውም የተሰጠውን ቦታ ሳይመርጥ በመያዙ ነው።

የሥራ ዘመን በአጭሩ

በተጫዋችነት
• 1994–1998፦ ኡልሳን ሂዩንዳይ
• 1999–2000፦ ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ
• 2001–2002፦ ካሺዋ ሬይሶል
• 2002–2003፦ ኡልሳን ሂዩንዳይ
• 2003–2004፦ ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ
• 2005–2006፦ ኡልሳን ሂዩንዳይ
• 1994–2005፦ የደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ ቡድን

በአሠልጣኝነት
• 2009–2011፦ የቹንቾን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን
• 2011–2012፦ ዴጆን ሲቲዝን
• 2014–2017፦ ኡልሳን ዩኒቨርሲቲ
• 2018፦ ቾናም ድራጎንስ
• 2019፦ ኢንቾን ዩናይትድ

ዋና ዋና ድሎችና ሽልማቶች
• የኮሪያ ሊግ ሻምፒዮን፦ 1996፣ 2005
• የጃፓን ሊግ ሻምፒዮን፦ 2003፣ 2004
• የኮሪያ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ፦ 1998
• የኮሪያ ሊግ የዓመቱ ምርጥ 11፦ 1994 (ተከላካይ)፣ 1998 (አማካይ)፣ 2002 (አጥቂ)
• የፊፋ የዓለም ዋንጫ የኮከቦች ስብስብ፦ 2002